መብራት ካለ

ሰፈራችን ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋው ጋሼ ቀጠሮ ሲሰጥ ሁለት ነገር ያስከትል ነበር። «ሐሙስ በ10 ሰዓት ኑ፤ ኢንሻአላህ፣ መብራትም ካለ» ይላል። የመጀመሪያዋን ሲናገር ዓይኑን ወደ ሰማይ ያነሳል። ሁለተኛዋን ሲናገር የሚያየው ከስፌት መኪናው በላይ የተንጠለጠለችውን አምፖል ነው። ደንበኛውም ሁለቱን እንደ አንድ ቃል ሰምቶ፣ «አሚን» ብሎ ይሄዳል።

በ2001 ክረምት 10ኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት የምጠብቅ ልጅ ነበርኩ። ጋሼ ዘንድ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ክር እገዛለሁ፣ የተሰፋውን አጥፌ ፌስታል ውስጥ እከታለሁ። ያቺ ሁለተኛ ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ የገባኝ ያን ክረምት ነው።

ቤታችን ከሰባተኛ ብዙ ሳይርቅ፣ ሰባት አባወራ በሚኖርበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነበር። ሌሊት የአንዋር መስጊድ አዛን፣ ንጋት ላይ ደግሞ የራጉኤል ቅዳሴ ይሰማል። ለሰባቱ ቤት ያለው ቆጣሪ አንድ ነው። ቢል የመጣ ዕለት የግቢው ሽማግሌ ዱካቸውን መሃል ላይ አድርገው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰቅለው ሒሳቡን ያከፋፍላሉ። አምፖል በቁጥር ይሰላል። ቴሌቪዥን እንደ ሁለት አምፖል ይታሰባል። ካውያ ያለው ሰው «ኧረ በወሩ አንድ ቀን ብቻ ነው የተኮስኩት!» ብሎ ይከራከራል። አንዱ የሌላውን ቤት መስኮት እየቆጠረ «እናንተ እኮ እስከ ስድስት ሰዓት አታጠፉም» ይላል። እናቴ ላይ ሲደርስ ግን ክርክር የለም። ሁለት ምጣድ ስላላት የቢሉ ግማሽ የእሷ ነው።

እናቴ ለመርካቶ ምግብ ቤቶች እንጀራ ትጋግር ነበር። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ባለ 60 ዋት አምፖል 50 አንድ ላይ በራ እንደማለት ነው። ሁለቱን ባንዴ ስትሰካቸው የግቢው አምፖሎች ሁሉ ደክመው ቢጫ ይሆናሉ። ስለዚህ ሰው በተኛበት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ትነሳለች። እኔ ፍራሼ ላይ ሆኜ ሥራዋን በጆሮዬ እከታተላለሁ፤ ምጣዱ በጎመን ዘር ሲታሽ፣ ሊጡ ዙሪያውን ሲወርድ፣ አክንባሎው ሲከደን። ኃይሉ ሙሉ ከሆነ እንጀራው ዓይን በዓይን ሆኖ ይወጣል። ከደከመ ግን ምጣዱ ሙቀት አይይዝም፤ እንጀራው ዓይኑን ሳይገልጥ ይቀራል፤ ዓይን የሌለው እንጀራ ደግሞ ምግብ ቤት አይቀበልም። እናቴ ቮልት የሚባል ነገር አታውቅም። የኃይሉን መጠን የምታነበው ከእንጀራው ፊት ላይ ነበር።

መርካቶ ሁሉም ነገር በተራ ነው። ሸማው ሸማ ተራ፣ በርበሬው በርበሬ ተራ፣ ጎማው ጎማ ተራ፣ አሮጌው ብረት ምን አለሽ ተራ ይገኛል። በ2001 መብራትም ተራ ገባ። ዝናብ አጥሮ የግድቦቹ ውሃ ወርዶ ነበር። የኤሌክትሪክ ፈላጊው በየዓመቱ ይበዛል፣ በግንባታ ላይ ያሉት አዳዲስ ግድቦች ደግሞ ገና አልደረሱም። አገሪቱ አብዛኛውን ኃይል የምታገኘው ከውሃ ስለነበር ሌላ የምትደገፍበት አልነበራትም። ፈረቃ መጣ። በእኛ ሰፈር አንድ ቀን ይበራል፣ በማግስቱ ይጠፋል።

የግቢያችን ሴቶች ቡና ላይ ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት ትተው ስለ ተከዜና ስለ ግልገል ጊቤ ማውራት ጀመሩ። «ተከዜ ሊደርስ ነው አሉ» ትላለች አንዷ፣ የዘመድ መምጣት እንደምታበስር ሁሉ። ሽማግሌው «እናንተ ምኑን አውቃችሁት! ቆቃ በ1952 ሲመረቅ 43 ሜጋ ዋት ነበር፤ እኛ ባሕር መስሎን ነበር» ይላሉ። ዝናብ ሲጥል እናቴ በር ላይ ወጥታ እጇን ትዘረጋለች። የመርካቶ ዝናብ ግድብ እንደማይሞላ ብታውቅም ትዘረጋለች።

ፈረቃው ግን አንድ ደግ ነገር ነበረው፤ ቀጠሮ ያውቃል። ከግቢያችን ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ያለው መንደር በሌላ መስመር ነበር። እኛ ስንጨልም እነሱ ይበራሉ፣ እነሱ ሲጨልሙ እኛ እንበራለን። ይህን መጀመሪያ ያየችው እናቴ ናት። አንድ ማታ በራችን ላይ ቆማ ማዶውን ስታይ ቆየችና ነጠላዋን አጣፍታ ተሻገረች። ስትመለስ «ተነስ፣ ባልዲውን ያዝ» አለችኝ።

ያቺን ሌሊት አልረሳትም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ፣ ሁለት ባልዲ ሊጥ ይዘን ጨለማውን ቀደድነው። ሊጡ በጨርቅ ተከድኗል፤ ስንራመድ ከውስጥ ይተነፍሳል። አስፋልቱ መሃል ስንደርስ የሱቆቹ ዘበኛ ባትሪውን ፊታችን ላይ አበራና «ማን ነው?» አለ። እናቴ ሳትቆም «ሊጥ ነው!» አለችው። ዘበኛው ሳቀና እስከ ማዶ ድረስ መንገዱን አበራልን። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አሻጋሪያችን እሱ ሆነ።

በማግስቱ ማታ የማዶ ሴቶች ሊጣቸውን ተሸክመው ወደ እኛ መጡ። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ዘለቅን። ገንዘብ አልተቀባበልንም፤ ምጣድ በምጣድ፣ ሌሊት በሌሊት ይመለሳል። ሽማግሌው የማን ሊጥ በማን ቆጣሪ እንደተጋገረ ለማስላት አንድ ወር ደብተር ይዘው ሞከሩ፤ በኋላ ደብተሩን ዘግተው «ይሄ ሒሳብ ሳይሆን ዝምድና ነው» አሉ። እናቴ በዚያ ክረምት አንድም ደንበኛ አላጣችም። ምግብ ቤቶቹ እንጀራው ከየትኛው መንደር እንደመጣ አያውቁም፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በራቸው እንደሚደርስ ግን ያውቃሉ።

ጋሼ ግን መኪኖቹን ተሸክሞ አይሻገርም። በሞተር የሚሠሩት ሦስት መኪኖች ሲቆሙ፣ ቆጥ ላይ አቧራ የለበሰችውን በእግር የምትረገጥ ሲንጀር አወረድናት። መንገድ እንደምታውቅ በቅሎ ናት፣ ቀስ ትላለች እንጂ አትቆምም። ችግሩ ኦቨርሎኳ ነበረች፤ እሷ ያለ ኤሌክትሪክ አትንቀሳቀስም። ሱሪው ይሰፋና ጠርዙ ሳይያዝ፣ ክሩ እየተፈታ ይከመራል። የከሰል ካውያም ወጣ፤ ከሰሉን የማራግበው እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ፍንጣሪ ዘልሎ አንድ ነጭ ሸሚዝ ላይ ሽምብራ የምታክል ቀዳዳ አወጣ። ጋሼ አልተቆጣኝም። ሸሚዙን አዙሮ አዙሮ አየና ቀዳዳው ላይ ኪስ ሰፋበት። የሸሚዙ ባለቤት ዓመቱን ሙሉ ባለ ሁለት ኪስ ሸሚዝ ለብሶ ተማረ።

መብራት በሚኖርበት ቀን ደግሞ ተራው ሁሉ ባንዴ ይነሳል። የትናንቱም የዛሬውም ሥራ በአንድ ቀን መግባት አለበት። መኪኖቹ እኩል ይጮኻሉ፣ ማታ ላይ ኃይሉ ይደክማል፣ የጋሼ ሞተር ድምፁ ወፍሮ ማቃሰት ይጀምራል። ያኔ ጋሼ እግሩን ቶሎ ያነሳል። ጎረቤታችን ኤሌክትሪሺያኑ «ሞተር የሚቃጠለው መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲንገላታ ነው» ብሎ አስተምሮታል። ኃይሉ ሲያንስ ሞተሩ ሥራውን ለመጨረስ ብዙ ይስባል፣ ብዙ ሲስብ ይግላል፣ ሲግል ጥቅልሉ ይነዳል።

አቅም ያላቸው ጀነሬተር ገዙ። ጠባቡ መተላለፊያ በቤንዚን ጭስ ታፈነ። ከጭሱ ይልቅ ያስቸገረን ጩኸቱ ነበር፤ መርካቶ የሚኖረው በአፉ ነውና። «ስንት አልክ?» «መቶ አርባ!» «መቶ ሃያ?» «አርባ ነው ያልኩህ!» እየተባባሉ ሰዎች ጆሮ ለጆሮ ገጥመው ይደራደራሉ። ከጨለማው ያተረፈ ካለ ምን አለሽ ተራ ነው። እዚያ የብየዳው ብልጭታ ሲቆም መዶሻው አይቆምም፤ ከአሮጌ ጣሳ ኩራዝ የሚቀጠቅጡት ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ያላዩትን ገበያ አዩ። እኔም ከእነሱ ነው የገዛሁት። ያች ኩራዝ በዱቄት ወተት ጣሳ የተሠራች ነበረች፤ የጣሳው ላይ ሕፃን እሳቱ ሥር ሆኖ ይስቅልኛል።

በዚያው ክረምት ከግቢያችን አንዲት አሮጊት ሞቱ። የሞቱት በጨለማው ቀን ነው። እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ሰው ግን በሻማ ፊቱ አይታይም፤ ዝናቡም ሻማውን ያጠፋዋል። ሳይጠሩት የመጣው ጋሼ ነው። ሱቁ ውስጥ የነበረችውን ጥቅል ሽቦ ትከሻው ላይ አድርጎ ገባ፤ ኤሌክትሪሺያኑ መሰላል አመጣ፤ ማዶዎቹ መስመራቸውን ሰጡ። ሽቦው ከአስፋልቱ በላይ፣ መኪና በማይነካው ከፍታ ተሳበና ድንኳኑ ውስጥ ሁለት አምፖል በራ። በማግስቱ እኛ በራን፣ ማዶ ጨለመ፤ ሽቦው ከእኛ ቤት ተቀጠለ። በሦስተኛው ቀን እንደገና ከማዶ። ለቅሶው ሦስት ማታ አንድም ጊዜ ሳይጨልም አለቀ። ኤሌክትሪሺያኑ ሽቦውን ሲጠቀልል «ይሄ የማያስተምሩት ሥራ ነው፤ ማንም እንዳይደግመው» አለ። ፈርቶ ነው የሠራው፤ ግን ሠራው።

ክረምቱ አለፈ፣ ግድቦቹ ሞሉ፣ ፈረቃው ቀረ። በ2002 ባለ 300 ሜጋ ዋቱ ተከዜ፣ ባለ 420ው ግልገል ጊቤ 2 እና ባለ 460ው ጣና በለስ ተከታትለው ተመረቁ። የግቢው ሴቶች እልል አሉ። እናቴ ባልዲዎቿን ወደ ቦታቸው መለሰች፤ ዘበኛው ግን እስከ ሞቱ ድረስ ሲያየኝ «ሊጥ!» ብሎ ነው የሚጠራኝ።

ጨለማው ግን መልኩን ለውጦ ተመለሰ። የፊተኛው ከግድብ የመጣ ጨለማ ነበር። አዲሱ የመጣው ከራሳችን ምሰሶ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ማታ ማታ በራችን ላይ ቆሞ ያስረዳን ነበር። «ውሃው አለ፤ የጠበበው መንገዱ ነው» ይላል። ከላይ በ15 ሺህ ቮልት የሚመጣውን ወደ 380 እና 220 የሚያወርደው ትራንስፎርመር የተተከለው ሰፈሩ የጭቃ ቤትና የአምፖል ሰፈር ሳለ ነው። ከዚያ ወዲህ ፎቅ በፎቅ ላይ ተሠራ፣ አሳንሰር ገባ፣ በየሱቁ ፍሪጅና ኮምፒውተር ተሰካ፣ በየግቢው ምጣድ ተጨመረ። ሽቦው ያው፣ ትራንስፎርመሩ ያው። «አንድ አህያ ላይ የሲኖትራክ ጭነት ጭናችሁ ወደቀች ትላላችሁ» ይለናል።

ከዚያ ዘመን የማስታውሰው አንድ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። እናቴ ለበዓሉ ትልቅ ትእዛዝ ተቀብላ፣ ሊጡን በአራት ባልዲ አዘጋጅታለች። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። እሷ በሩ ላይ ወጥታ ማዶውን አየች፤ ማዶ በርቷል። ባልዲውን ላንሳ አልኳት። «ቆይ፣ አሁን ይመጣል» አለች። ያለፈው ሳምንት በግማሽ ሰዓት መጥቷል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በሁለት ሰዓት። ስድስት ሰዓት ሆነ። «እንሻገር?» አልኳት። «ስንደርስ ቢመጣስ? ሰው ቀስቅሰን?» አለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማዶዎቹም በራቸውን ቆልፈው፣ የራሳቸውን ምጣድ ለራሳቸው በዓል ጥደው ነበር። ያቺን የወተት ጣሳ ኩራዝ አብርተን ሊጡ አጠገብ ተቀመጥን። ሊጡ እየኮመጠጠ፣ እያበጠ፣ በጠርዙ እየፈሰሰ አደረ። ሊነጋጋ ሲል እናቴ አንድ ነገር ተናገረች፤ «በፈረቃው ጊዜ እኮ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። መጥፋቱ አይደለም የገደለኝ፤ አለማወቄ ነው።»

የተቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነበር። ዘጠኝ ቀን ጨለምን። ሽማግሌው ፊርማ አሰባስበው ከሚመለከተው ክፍል በር ወደ ሌላው ክፍል በር ተመላለሱ። በየበሩ «ነገ» ተባሉ። የእናቴ ትልቁ ደንበኛ በአሥረኛው ቀን ሌላ ጋጋሪ መያዙን ነገራት፤ ትህትና አላጎደለም፣ «እትዬ፣ እኔም ተመጋቢ አለብኝ» ነው ያላት። ጋሼ አንድ ሞተር ነደደበት። መብራቱ የመጣለት ለደቂቃ ነበር፤ ያውም ከሚችለው በላይ ሆኖ።

እናቴ ያን ሌሊት የተናገረችውን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። መብራት ለድሃ ሰው ማብሪያ ብቻ አይደለም፤ ቃል መስጫም ነው። እንጀራዋ 12 ሰዓት ላይ ይደርሳል ስትል፣ ጋሼ ሐሙስ በ10 ሰዓት ሲል፣ ከጀርባቸው ቆሞ ዋስ የሚሆናቸው ያ ሽቦ ነው። መርካቶ ውስጥ ዕቃ በዱቤ ከእጅ እጅ የሚያልፈው በቃል ነው። ዋሱ ሲከዳ ቃል አባይ የሚባለው ግን ሰውየው እንጂ ሽቦው አይደለም።

በግንቦት 2011 ፈረቃ እንደገና ሲታወጅ አገር አጉረመረመ። ምክንያቱ ያው የውሃ እጥረት ነበር፤ 1 ሺህ 870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ጊቤ 3 ውሃው ወርዶ ነበር። እናቴ የፈረቃውን ሰዓት በሬዲዮ ስትሰማ ግን ደረቷን ነክታ «ተመስገን፣ በቀጠሮ ሆነ» አለች። እኔና ታናሽ እህቴ ሳቅን፤ እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ አለፈ። የእንጨቱ ምሰሶ በሲሚንቶ ምሰሶ ተተካ፣ ራቁቱን የነበረው ሽቦ የተሸፈነ ሆነ፣ አዲስ ትራንስፎርመር ተሰቀለ። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቆጣሪ ሲያገኝ የሽማግሌው ዱካ ሥራ ፈታ። እናቴ ጉልበቷ ሲደክም ምጣዶቿን ለጎረቤት ልጅ ሰጥታ እኔ ዘንድ ገባች። መብራት መጥፋቱ ጨርሶ ቀረ ማለቴ አይደለም፤ አሁንም ይጠፋል። ግን ጠፍቶ መክረሙ ቀንሷል። ከጠፋም እንደ ድሮው ምሰሶው ሥር ተሰብስቦ ወደ ላይ የሚያንጋጥጥ የለም።

አንድ የጳጉሜ ቀን ልጄን ይዤ ዩኒፎርም ላሰፋላት ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ቀኑ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ነበር። ጎኑ ያለው ሻይ ቤት ቴሌቪዥኑን አጩሆ የዓባይ ግድብ ምርቃት ያሳያል፤ ሰው በር ላይ ቆሞ ያያል። መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ሲጣል ጋሼ ቦንድ ገዝቶ ነበር፤ ወረቀቱን ከኪሱ ሲያወጣ ሲያስገባ አስታውሳለሁ። አሁን ጢሙ ነጥቷል። ጋዜጠኛው «5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት» ሲል ሻይ ቤቱ አጨበጨበ። ጋሼ ራሱን ከመኪናው ሳያነሳ «እስቲ እዚች ጋ ይድረስ» አለና በመቀሱ ጫፍ ኦቨርሎኳን ነካ አደረጋት። ቀጥሎ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ልጄን ለካ፤ ትከሻ፣ ወገብ፣ ቁመት። «ታድጋለች» ብሎ ሁለት ጣት ጨመረ።

«መቼ እንምጣ ጋሼ?» አልኩት።

«ነገ በ10 ሰዓት ኑ፤ ኢንሻአላህ» አለኝ።

ልጄ እጄን ይዛ ወደ በሩ ሳበችኝ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ጋሼ ቀና ብሎ ከመነጽሩ በላይ አየኝ።

«ምን ቀረህ?» አለ።

«ምንም» አልኩት።